ለሽማግሌዎች ጀርባውን የሰጠው አምፕሊፋየር

አይ፣ እሱን ተዉት። «ጊታር ማለት ጣት ነው፣ አምፕሊፋየር ምን ያደርጋል» የምትሉትን ሰምቻለሁ። ጸጉር ቤት ተቀምጣችሁ፣ መስታወት እያያችሁ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ያኔ ዝም ያልኩት ጉሮሮዬ ላይ ምላጭ ስለነበረ ነው። አሁን ምላጭ የለም፤ ልመልስላችሁ።

ጣት ብቻ ከሆነ ጊታራችሁን ያዙና ምንም ሳትሰኩ ጋሪ ተራ ሄዳችሁ ምቱ። አንድ ፈረስ እንኳን ጆሮውን ካነሳላችሁ ጊታሬን እሰጣችኋለሁ። ጣትማ ማን የሌለው አለ? የእኔ ጣት ናዝሬትን ያስጨፈረው ከኋላዬ የሚጮህ ሳጥን ስላለ ነው። ጣቴም ደግሞ ጣት ነው፣ እሱን አልካድኩም።

ሌላው ደግሞ አለ። «አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ጎሚስታ ስለ አምፕሊፋየር ምን ያውቃል» የሚለው። ልክ ነው፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እንደውም አራተኛ ክፍልን ስለምወደው ሁለቴ ነው የተማርኩት። ጎማ ስለጥፍ ነው ያደግኩት፣ እሱም ልክ ነው። ግን ጎሚስታ በምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? በጆሮ ነው። እናንተ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ፤ እኔ መኪናው ገና ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ የተነፈሰው የኋላ ግራው መሆኑን ቁጭ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛው ይባስ። «ሶደሬ ላይ ሊድ ጊታር የመቱት የቡድኑ መሪ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ እሱ አይደለም» እያለ የሚያስወራው። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለእሱ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርና አንዴ ልገላገለው።

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሁለት የጊታር አምፕሊፋየር ነበረው። አንደኛው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከነበረ አንድ ቡና ቤት የመጣ ነው። ቡና ቤቱ ሲወረስ ወንበሩ ለስብሰባ አዳራሽ ሄደ፣ ብርጭቆው ማን ቤት እንደገባ እንጃ፣ ሳጥኑ ለእኛ ደረሰ። ከባድ ነው። ለሁለት ተሸክመነው አንዳችን ሌላውን ሳንሰድብ ደርሰን አናውቅም። ፊቱ ላይ የተወጠረው ጨርቅ ሲጋራ የበሳሳው ነው። ከኋላው ክፍት ነው፤ ውስጡ እንደ ትንንሽ ጠርሙስ የቆሙ አምፖሎች አሉት። ስታበራው ወዲያው አይናገርም። አምፖሎቹ ቀስ እያሉ ይግላሉ፣ ይቀላሉ፣ ከዚያ ልክ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ጉሮሮውን ይጠርግና «እህ» ይላል። ያኔ ነው የምትመታው።

ሁለተኛው አዲሱ ነው። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተሰጠ፣ ግራጫ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተዘጋ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታይ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንም ማንበብ አልቻለም፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አስራ ሁለተኛ የጨረሱትም አልቻሉም። አምፖል የለውም፣ ትራንዚስተር ነው። ቁልፉን ስትጫነው እዚያው ይናገራል። የቀበሌው ሊቀመንበር መርቀው ሲከፍቱት ንግግራቸውን ያስተላለፉት በዚያው ሳጥን ነበር። ንግግሩ ረጅም ስለነበር ሳጥኑ እንደማይግል በደንብ አየን። ሰው ነው የጋለው።

መሪያችን ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወታደር ቤት ባንድ ውስጥ ጊታር የመቱ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ድምፅ ማለት ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ ክር ለብቻው፣ ጫማውን ቦርሾ፣ በመስመሩ ቆሞ መታየት አለበት። ስለዚህ አዲሱን ሳጥን ይወዱታል፤ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይሻክር። እኔ ደግሞ ድምፅ ትንሽ ጭቃ ካልነካው ማንም እግሩን አያነሳበትም ባይ ነኝ። ባለ አምፖሉን ጥግ ድረስ ከፍተህ ክሩን ሳብ ስታደርገው ይጎረንናል፣ ያለቃቅሳል፣ አንዳንዴ ያላዘዝከውን ሁሉ ይጨምርልሃል። ሃምሳ አለቃ «ያንተ ሳጥን ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጠዋት ሲያስል ነው የሚመስለው» ይሉኛል። እኔም የእርስዎ ሳጥን ሆስፒታል ነው፣ ንጹህ ነው ግን ማንም ሊያድርበት አይፈልግም እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሲስቁ ግን ሳጥናቸውን አይለውጡም።

የቀሩትም የየራሳቸው አላቸው። ቤዝ የሚመታው ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ለእሱ ድምፅ ማለት ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ የጊታሩ ሳጥን የትኛውም ይሁን፣ ከእሱ ራቅ ይበል እንጂ ግድ የለውም። ዘፋኛችን ልብስ ሰፊ ናት። የቱ ይሻልሻል ብለን ስንጠይቃት «መብራት የጠፋበት» አለችን። አልፈርድባትም። እኛ እልህ ተጋብተን ቁልፉን ስናዞር ጉሮሮዋ የሚበጠሰው እሷ ናት።

እና ምን ላርጋችሁ፣ በዚህ ስንጨቃጨቅ ስንት ልምምድ አለፈ። ስንሞክራቸው የነበረው ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ድስት ብትመታም ያምራል። ስለዚህ እሳቸው የእሳቸውን ሲሞክሩ እሳቸው ልክ ናቸው፣ እኔ የእኔን ስሞክር እኔ ልክ ነኝ። ማንም ሳይረታ ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ነገሩ የከረረው የሶደሬው ነገር ሲመጣ ነው። ለላብአደሮች ቀን ሶደሬ ላይ ትልቅ ዝግጅት አለ ተባለ። የየከተማው ቡድን ይመጣል፣ የሆቴል ኦርኬስትራ አለቆችም ይመጣሉ፣ ሰው ይመርጣሉ። በጊታር በኩል የሚያዩት ሊድ የሚመታውን ነው፣ ማለት ከፊት ቆሞ ዜማውን የሚያወጣውን። ሪትም እየመታ ከኋላ የሚከተለውን እናቱም አታየውም። እኔ ሪትም ነበርኩ። ሊዱን የሚመቱት ራሳቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው። እኔ ደግሞ ያንን ቀን ካልተጠቀምኩበት ቀሪ ዕድሜዬን የከባድ መኪና ጎማ ሥር ተኝቼ ሰማይ ሳይ ልኖር ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። ሊዱን ይስጡኝ፣ ባለ አምፖሉንም ልያዝ አልኳቸው።

እሺም እንቢም አላሉም። «መቂ ላይ እናያለን» አሉ።

መቂ ሠርግ ነበረን። ከፋሲካ በኋላ ነው፣ የሠርግ ወቅት። አንድ የታወቀ የሽንኩርት ደላላ ልጁን ይድራል፤ የእኛ ሊቀመንበር የቅርብ ወዳጁ ስለሆኑ ቡድኑን ላኩለት። ሠርጉ በቀን ነው፣ ያው በሰዓት እላፊ ምክንያት ማታ የሚባል ነገር የለም። መብራቱ ደላላው ውሃ ከሚስብበት ጄኔሬተር ነው የሚመጣው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ከማይክራፎኑና ከቤዙ ሌላ አንድ የጊታር ሳጥን ብቻ ነው የሚችለው ተባለ፣ ሁለታችንም በዚያው በአንዱ ልንሰካ ማለት ነው። አንድ መምረጥ ግድ ሆነ።

ሃምሳ አለቃ አዲሱን አሉ። እኔ ባለ አምፖሉን አልኩ። ወለንጪቲን አነሱብኝ። ወለንጪቲ ላይ ባለ አምፖሉን ይዘን ሄደን መንገዱ ሲያንገጫግጨን አንዱ አምፖል ከቦታው ላላ ብሎ ሳጥኑ ሕዝብ ፊት ዲዳ ሆኖ ነበር። ሆኖ ነበር፣ አልክድም። ግን በጫማዬ ጎን አንድ ጊዜ መታ ሳደርገው ተናገረ፤ ሕዝቡም ከዘፈኑ ይልቅ ለእሷ ምት ነው ያጨበጨበው። እሱን አያነሱትም።

በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ ሁሉም ባለበት ወሰኑ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «ባለ አምፖሉን ይዘህ ውጣ። ሊዱንም አንተ ምታ። ሠርገኛው ከወደደው ሶደሬም ያንተ ነው። አንድ ሽማግሌ ጆሮውን ከያዘ ግን ሪትምህን ይዘህ ከኋላዬ ትቆማለህ፣ ስለ ሶደሬም አፍህን አትከፍትም።»

«አንድ ብቻ?» አልኳቸው።

«አንድ ይበቃል።»

ሳጥኑን ከቀበሌ በጋሪ አወጣነው። ከዚያ ናዝሬት ገበያ ሽንኩርቱን አራግፎ ባዶውን በሚመለሰው የደላላው መኪና ላይ ጫንነው። እኔ የወለንጪቲን ነገር ስለማልረሳ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ እስከ መቂ ድረስ አቅፌው ነው የሄድኩት። ዘፋኟ አይታኝ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ፣ ሙሽሪት ደግሞ ከበደችብህ አለችኝ። ሞጆ ኬላ ላይ ወታደሩ ጋቢውን ገልጦ ከኋላ አምፖሎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ የመገናኛ ራዲዮ መስሎታል። ሃምሳ አለቃ ወርደው በወታደርኛ አናገሩት፣ የይለፍ ወረቀቱን አሳዩት። ወታደሩ ሊያሰናብተን ሲል «ታዲያ ዘፈን ለመጫወት ይሄ ሁሉ መብራት ምን ያደርጋል» ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ እያዩ፣ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው አሉት።

መቂ ስንደርስ ዳሱ ተተክሏል። ግቢው ሰፊ ነው። በአንድ በኩል የደላላው የጭቃ ግድግዳ ቤት፣ ከጎኑ ያልተጫነ ሽንኩርት በጆንያ ተከምሯል። ደላላው ሮጦ መጥቶ ሳመን፣ የምንቀመጥበትን አሳየን፤ ከዳሱ ፊት፣ ቤቱን ተደግፈን። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ የሙሽራው ወገን መጣ፣ ከቡልቡላ በኩል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት ከፊት። ደላላውም ምን አደረገ? አግዳሚ ወንበር አስመጣና አማቶቹን ልክ እኛ ፊት ደረደራቸው። ያው የከበረ እንግዳ ከፊት ነው የሚቀመጠው፣ ሁሉም ቦታ እንደዚያ ነው። ግን ከአምፕሊፋየሩ አፍ እስከ መጀመሪያው ሽማግሌ ጉልበት ድረስ አንድ ዶሮ በጎን ካልሆነ አያልፍም።

በአዳራሽ ልምምዳችን ይሄን አንድም ቀን አላሰብነውም። ስለ ክር አውርተናል፣ ስለ አምፖል አውርተናል፣ ሽማግሌ የት ነው የሚቀመጠው ያለ ሰው የለም።

ደላላውን ጠጋ ብዬ፣ ጋሼ፣ አግዳሚውን ትንሽ ወደ ኋላ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል አልኩት። እንዳበደ ሰው አየኝ። «አማቶቼን ወደ ኋላ? ልጄን ዛሬውኑ እንዲመልሱልኝ ነው?» አለ። ተውኩት።

ጀመርን። ሳጥኑን ለመንገዱ ካሳ ነው መሰለኝ የሚወደውን ያህል ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ገና ዜማውን ስይዝ መሀል የተቀመጡት ትልቁ ሽማግሌ፣ በትር የያዙት፣ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ። እኔ ጊታሬን አላይም፣ እጁን ነው የማየው። ሃምሳ አለቃም እጁን ነው የሚያዩት። ቤዙም እጁን ነው የሚያየው። እጁ ጆሮ ጋ ደረሰ። አሁን ልብ በሉ፣ ደረሰ ነው እንጂ ያዘ አላልኩም። ጆሮአቸውን አከኩት። ማንም ሰው ጆሮውን ያክካል። ሃምሳ አለቃ ግን ወደ እኔ ዞር አሉ፣ ፂማቸው ፈገግ ብሏል።

ቶሎ ቁልፉን ዝቅ አደረግኩት። እና እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ባለ አምፖል ሳጥን ዝቅ ስታደርገው ያ የምወደው ጉርናኔው ይጠፋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ጊታሩ ተኝቷል ወይ እያሉ መጮህ ጀመሩ። ሃምሳ አለቃ ሪትሙን እየመቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የእኔ ቢሆን ዝቅ ብሎም ያው ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። አዲሱ ሳጥን ሹክ ቢልም ድምፁ አይለወጥም። ከፍ ባደርገው ሽማግሌው፣ ዝቅ ባደርገው ጎረምሳው። ሶደሬ ከእጄ ሲወጣ ይታየኛል። ላብ በላብ ሆንኩ፣ መቂ ደግሞ ያለዚያም ላብ አይጠፋም።

ያን ጊዜ ነው ኮምፕረሰሩ ትዝ ያለኝ። ጎሚስታ ቤታችን ጎማ የሚነፋበት ኮምፕረሰር አለ፣ ሲነሳ ሰፈሩን ያናውጣል። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ራሴን አመመኝ ብለው ቀበሌ ከሰሱን። አሠሪዬ ደግሞ ሌላ የሚያኖርበት ቦታ የለውም፣ ፊቱን ወደ ጎሚስታ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ አዞረው። ጩኸቱ አልቀረም፤ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል፤ ግን ያ እንደ መርፌ የሚወጋው ነገር ግድግዳው ላይ ቀረ። ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ ስሞታ አላመጡም።

ዘፈኑ እንዳለቀ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ነው ተብሎ እልልታው ሲቀልጥ፣ ቤዙን ጠርቼ ሁለት የሽንኩርት ጆንያ አስጎተትኩ። ረገዳ ሲጀመር መሬቱ ስለሚናጥ ሳጥኑን ጆንያው ላይ አስቀመጥነው፣ አምፖሎቹ እንዳይናጡ። ፊቱን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዞርኩት። ቁልፉን ጥግ ድረስ ከፈትኩት። ሃምሳ አለቃ ምን እየሠራህ ነው አሉኝ፣ አልመለስኩም፤ ሊድ የሚመታ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

መታሁት። ድምፁ ግድግዳው ላይ ሄዶ ተላተመ፣ ከዚያ ወደ ዳሱ ሸራ ወጣ፣ ከሸራው ደግሞ ሰው ሁሉ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ጉርናኔው አለ፣ ለቅሶው አለ፣ መውጊያው ብቻ የለም። ከኋላ ጎረምሶቹ ተነሱ። ሴቶቹ ተነሱ። የትልቁ ሽማግሌ እጅ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ጸጥ ብሎ። ወደ ሃምሳ አለቃ ዞር አልኩ፤ ወደ ግድግዳው እያዩ ነበር። አቦ፣ እንደዚያ ቀን መትቼ አላውቅም፤ ማንም ሰው መትቶ አያውቅም ብል ማጋነን እንዳይመስላችሁ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን አነሱ። በትሩ ሲነሳ ዳሱ ሁሉ ዝም አለ። እኛም አቆምን። ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ሳጥኑ ጠቆሙ።

«ማል ጎኔ?» አሉ፣ ከዚያ ለእኛ በአማርኛ መለሱት። «ምን አደረግነው ይሄን ሳጥን፣ ጀርባውን የሚሰጠን?»

ማንም አልሳቀም። የሚያስቅም አይደለም። እናንተ ሳጥን ነው ትሉ ይሆናል፤ በአማት ፊት፣ በሠርግ ቀን፣ ጀርባ ጀርባ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሽማግሌዎችም አሁን ገና ልብ ብለው አዩት፣ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ተነጋገሩ፣ አንደኛው ጋቢውን ሰብስቦ ሊነሳ ሁሉ ቃጣው። ደላላው እንደ ቀይ ሽንኩርት ፊቱ ቀልቶ መጣ። አዙረው፣ አሁኑኑ አዙረው አለኝ በጥርሱ መሀል። ባዞረው ጆሮ አለ። ባላዞረው ሠርጉ አለ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ጊታራቸው ላይ አሳርፈው ያዩኛል፤ ከዚህ እንዴት እንደምወጣ እሳቸውም ማየት የፈለጉ ይመስለኛል።

ጊታሬን ወደ ጀርባዬ ገፋ አድርጌ ሽማግሌው ፊት ዝቅ አልኩ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ጀርባውን አይደለም የሰጠዎት። ፊቱ ይሄ ነው። አይኖቹ ሲያዩዎት አይታዩዎትም?»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ዳሱ ውስጥ ጥላ ስለነበረ አምፖሎቹ ከክፍቱ ጀርባ ውስጥ እንደ ፍም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ሌሎቹም ሽማግሌዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ደላላው ትንፋሹን ይዟል። እኔም ይዤዋለሁ።

«አይኖቹማ ቀልተዋል» አሉ ሽማግሌው። «ከእኛ በፊት ጠጥቶ ነው የመጣው።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ ብላችሁ አትመኑኝ፣ ግን አንዱ ችካል ተነቅሏል። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው መጨረሻ የሳቁት፤ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው «ቶሌ፣ እሺ ይጫወት። የሰከረ እንግዳ ይዘፍናል እንጂ አይባረርም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበላችሁ። ረገዳው ተነሳ፣ አቧራው ሸራው ጋ ደረሰ። የሙሽራው ሚዜዎች ሽማግሌው ያሉትን እንደ ትእዛዝ ቆጠሩት፤ አንደኛው በአረቄ የተሞላ ብርጭቆ ይዞ መጣና ለእሱም ይድረሰው ብሎ ከኋላ ወደ አምፖሎቹ ሊያፈስ ጎንበስ አለ። እኔ ዜማ ላይ ነኝ፣ እጄ ተይዟል። ጠብ ቢል አምፖሎቹ ይፈነዳሉ፣ ምናልባት ሚዜውም አብሮ። ማን ደረሰለት መሰላችሁ? ሃምሳ አለቃ። ያን ሁሉ ዓመት ያንን ሳጥን ሲሰድቡ የኖሩት ሃምሳ አለቃ ሪትሙን ጥለው፣ ከእርጅና በማይታጠፍ እግራቸው ዘለው የሚዜውን እጅ አየር ላይ ያዙት። ብርጭቆውንም ተቀብለው ለሳጥኑ ብለው ራሳቸው ጠጡለት። ከዚያ በኋላ እስክንጨርስ ድረስ ከሳጥኑ አጠገብ አልተንቀሳቀሱም፣ እንደ ዘበኛ።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ናዝሬት መግባት ስላለብን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሳን። ደላላው ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ አወጣው። ቆቃ ደርሰን ውሃው ሲታይ ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽማግሌው ጆሮአቸውን ይዘዋል ወይስ አልያዙም?»

«አክከውታል።»

ዘፋኟ ከወዲያ ሆና ሳቀች።

«እሺ፣ አክከውታል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሶደሬ ሊዱን አንተ ትመታለህ። ሳጥኑን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ይሄን ጊዜ ነው የተጣላነው። መቂ ላይ እንደዚያ አድርጌ፣ ለሶደሬ ሆስፒታሉን ሊያሸክሙኝ ነው ወይ አልኩ። አንዳንዱን ደግሜ መጻፍ አልፈልግም፣ እርስዎ እያልኩ መሳደብ እንደሚቻል ያን ቀን ነው የተማርኩት። ሃምሳ አለቃ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በእርጋታ፣ ሶደሬ ሜዳ ላይ ነው የምንጫወተው፣ ዳስም የለ፣ ሸራም የለ፣ ግድግዳህ የት አለ አሉኝ። አዋሽ ላይ ነው የምታላትመው? ሜዳ ላይ ባለ አምፖሉ ምን እንደሚሆን ጆሮዬ ያውቀዋል፤ ጉርናኔው ሩቅ አይሄድም፣ ንፋስ ይበላዋል። ጥርት ያለው ነው ሩቅ የሚሄደው። እሳቸው ይሄንን የሚያውቁት ስንት የሰልፍ ሜዳ ላይ ቆመው ነው።

እና አዎ፣ ሶደሬ ላይ የቆመው ግራጫው ሳጥን ነው። ጓዶች፣ ሳጥኑን አይታችሁ ነው እንግዲህ «ሃምሳ አለቃ ነው የመቱት» የምትሉት፤ እሳቸው ከዚያ ሳጥን ጋር ስማቸው ስለተያያዘ። ሳጥኑ የእሳቸው ምርጫ ነበር። ጊታሩ ግን እኔ አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ሪትም መቱ፣ አንድም ቦታ ሳያበላሹ። ድምፁ እስከ ዋና ገንዳው ድረስ ሄደ፣ የሚዋኙት ሰዎች አንገታቸውን ከውሃው አወጡ፣ ዛፍ ላይ ያሉት ጦጣዎች እንኳን የሰው ምግብ መስረቃቸውን አቆሙ። ሃምሳ አለቃ ጥርት ያለ ድምፅ ሲወዱ ኖረው ለካ እንደኔ የሚመታላቸው ሰው አጥተው ነው። ይሄን ነግሬያቸዋለሁ፤ የመለሱልኝን አልጽፍም።

የሆቴል ኦርኬስትራ አለቃም መጣ። ሲያናግረኝ የመጀመሪያ ጥያቄው የትኛውን አምፕሊፋየር ነው የምትወደው የሚል ነበር። መጀመሪያ እንግዶቹ የት ነው የሚቀመጡት ብዬ መልሼ ጠየቅኩት። ሳቀና ሰኞ ና አለኝ። አሁን ጎማ ሲተነፍስባችሁ ወደ ሌላ ሰው ነው የምትሄዱት፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ወደ ማን እንደምትመጡ ታውቃላችሁ።

አሁንም ውሸት ነው የሚል ካለ አልከራከርም። መቂ ቅርብ ነው፣ የሽንኩርት መኪና ጠዋት ጠዋት አይጠፋም፣ ተሳፈሩ። ደላላውን ጠይቁት፣ በሩን ሁሉም ያውቀዋል። ሚዜዎቹን ጠይቁ። በትር የያዙትን ሽማግሌ ቡልቡላ ወርዳችሁ ጠይቁ፣ ግን ቁጭ ብላችሁ፣ በክብር። ሃምሳ አለቃንም ቢሆን ጠይቋቸው፣ እሳቸው አይዋሹም። እዚያ ከነበረው ሰው አንዱ እንኳን «አልሆነም» ካላችሁ ናዝሬት ተመለሱና በሰው ፊት ንገሩኝ።